ራስን የመቻል ዕዳ፦ ስለ ሃልዶር ላክስነስ «ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች»

ስለ እረኛ ከተጻፈው ይልቅ ስለ እረኛ ቤት የተጻፈው እጅግ ያንሳል። ከግሪካዊው ቴዎክሪጦስና ከሮማዊው ቨርጂል ዘመን ጀምሮ የአውሮፓ ባለቅኔዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዋሽንቱን የሚነፋውን እረኛ ሲያሞግሱ ኖረዋል። ሥዕሉ ውበት አልጎደለውም፤ የጎደለው ቤት ነው። በዚያ ሥዕል ውስጥ እረኛው ሚስት አግብቶ ጎጆ አልወጣም። የሚያሳድገው ልጅ፣ የሚያጭደው ድርቆሽ፣ የሚከፍለው ዕዳ የለውም። በጎቹም ቢሆኑ አይከሱም፤ አይታመሙም፤ በውርጭ አያልቁም።

የአይስላንዱ ደራሲ ሃልዶር ላክስነስ በ1934 እና በ1935 በሁለት ክፍል ያሳተመው «ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች» የተሰኘ ልብ ወለድ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ጉድለት ከሞሉት ሥራዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚቆጠር ነው። መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ አንድ በግ አርቢ፣ ስለ ሚስቶቹ፣ ስለ ልጆቹና ስለ መንጋው ይተርካል። ደራሲው በ1955 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ ሰው መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም መጽሐፉ ከዘጠና ዓመት በኋላ እንደገና ሊመረመር የሚገባው የሚያነሣው ጥያቄ ገና ስላላረጀ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ሰው የሰው እጅ ሳያይ ለመኖር ሲታገል የትግሉን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ደራሲውና ዘመኑ

ላክስነስ በ1902 በሬይክያቪክ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ላክስነስ ወደሚባለው የእርሻ ቦታ ስለ ተዛወሩ ያደገው በዚያ ነው። የብዕር ስሙንም የወሰደው ከዚያው እርሻ ነው። በወጣትነቱ አውሮፓን ዞሯል፤ ካቶሊክ ሆኗል፤ በ1920ዎቹ መጨረሻም በአሜሪካ ከቆየ በኋላ የሶሻሊዝምን ሐሳብ ይዞ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ልብ ወለዱ የሚተርክለት ዘመን ከዚህ ጥቂት ቀደም ያለው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አይስላንድ ያን ጊዜ ሕዝቧ ከመቶ ሺ የማይበልጥ፣ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር የምትኖር ደሴት ነበረች። ሉዓላዊነቷን ያገኘችው በ1918፣ ሪፑብሊክ የሆነችውም በ1944 ነው። በዚያች ደሴት መሬት የሌለው ሰው ሁሉ በአንድ ባለ እርሻ ቤት ገብቶ እንዲያገለግል የሚያስገድድ ሕግ ለብዙ ዘመናት ጸንቶ ኖሯል። ሕጉ መላላት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1783 የፈነዳው የላኪ እሳተ ገሞራ ሣሩን መርዞ ከአገሩ በጎች አብዛኞቹን ሲጨርስ፣ ተከትሎ የመጣው ረሀብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ፈጅቷል። ከ1870 እስከ 1914 ባለው ጊዜም ዐሥራ አምስት ሺ ያህል ሰዎች ኑሮ ቢከብዳቸው ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዋል። እንግዲህ በዚህ አገር «የራሴ በግ፣ የራሴ ጣሪያ» ማለት ምን ያህል ክብደት ያለው ቃል እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ልብ ወለዱ ለሌላ ልብ ወለድ የተሰጠ መልስም ነው። ኖርዌያዊው ክኑት ሃምሱን በ1917 ባሳተመው፣ በ1920ም የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት «የምድር ፍሬ» በተባለው መጽሐፉ፣ ኢሳክ የሚባል ጠንካራ ሰው ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገብቶ መሬት ሲያቀና፣ ከብት ሲያረባ፣ ሚስት አግብቶ ሲከብር ያሳያል። በሃምሱን ዘንድ መሬት ለደከመላት ሰው ታማኝ ናት፤ ላብ ያፈሰሰ ያፍሳል። ላክስነስ ያንኑ ሰው አነሣ፤ ያንኑ ጥንካሬ፣ ያንኑ ግትርነት፣ ያንኑ ምድረ በዳ ሰጠው። የጨመረበት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የገበያ ዋጋና የብድር ሰነድ። ሁለቱ በገቡበት ቦታ ታሪኩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል።

ቤቱና መንጋው

ብያርቱር የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። ለአካባቢው ሹም ዐሥራ ስምንት ዓመት በሎሌነት ካገለገለ በኋላ ከዚያው ሹም በየዓመቱ በሚከፈል ዕዳ አንድ የተተወ ቦታ ገዝቶ ጎጆ ይወጣል። ቦታው የጥንት ጠንቋይ መንፈስ የሰፈረበት ነው እየተባለ የሚፈራ፣ ከእርሱ በፊት የሰፈሩበትን ሁሉ ያጠፋ፣ ስሙም «የክረምት ቤት» የሚባል ነበር። ብያርቱር ገና ከመግባቱ ስሙን ለውጦ «የበጋ ቤት» አለው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ደጋ አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በእኛ አገር ሣር የሚለመልመው፣ በግ የሚጠግበው በክረምት ሲሆን በአይስላንድ ግን ክረምት ማለት ምድር በበረዶ የምትሸፈንበት፣ ቀኑ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚበራበት፣ በግ ሁሉ ከጉረኖ ውስጥ ተዘግቶ በድርቆሽ የሚኖርበት ረጅም ወቅት ነው። በጋቸው አጭርና ለምለም ነው። ስለዚህ የስሙ መለወጥ የአንድ ሰው ፉከራ ነው፤ ብያርቱር ወቅትን በቃሉ ሊገዛ ይፈልጋል። የልብ ወለዱ ምጸት ሁሉ ከዚህ ከስም ለውጥ ይጀምራል።

ቤቱ ከነሥሩ ከተቆረጠ ሣርማ አፈር የተሠራ ነው። ከታች በጎች፣ ከላይ በቆጡ ላይ ሰዎች ይኖራሉ። የበጎቹ ትንፋሽ ወደ ላይ እየወጣ ሰዎቹን ያሞቃል፤ ከሙቀቱ ጋር ግን ሽታውና እርጥበቱም ይወጣል። ላክስነስ ይህን አሠራር በአንድ ቦታ ገልጾ አላለፈውም። በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ሲወለድ፣ ሲታመም፣ ሲሞት ሁልጊዜ ከታች የበግ ድምፅ ይሰማል። አንባቢው ጥቂት ገጾች እንዳነበበ የቤቱ መሠረት በጉ እንደ ሆነ፣ ሰውየው ከላይ የተቀመጠ እንግዳ ያህል እንደ ሆነ ሳይነገረው ይረዳል።

የዓመቱ ሥራ ዙሪያም በዝርዝር ቀርቧል። በግንቦት ግልገሎች ይወለዳሉ፤ ከዚያም መንጋው ወደ ተራራው ይለቀቃል። በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል፣ በዝናብ ውስጥ ቆሞ በረጅሙ ማጭድ ድርቆሽ ያጭዳል። በመስከረም የአካባቢው ሰዎች ተሰብስበው በጎቹን ከተራራ ያወርዱና በጆሮ ምልክታቸው እየለዩ ይከፋፈላሉ። ከዚያ ዕርድና ሽያጭ፣ ከዚያም የክረምቱ ፈተላና ሹራብ ይከተላል። የዚህ ዙር ቁልፍ ድርቆሽ ነው። የታጨደው ሣር እስከ ሚያዝያ የማይበቃ ከሆነ በጉ ይከሳል፤ በጉ ከከሳ የዓመቱ ዕዳ አይከፈልም፤ ዕዳው ካልተከፈለ ቤቱ ወደ ሹሙ ይመለሳል። የብያርቱር ጭካኔ የሚመነጨው ከዚህ ስሌት ነው። ደራሲው ክፉ ሰው አልሣለም፤ ስሌቱን በትክክል የሚያውቅ፣ ከስሌቱ ውጭ ግን ማሰብ የተሳነው ሰው ሥሏል።

የቆጡ ነዋሪዎች

የመጀመሪያዋ ሚስት ሮዛ ናት። ሮዛ ወደዚህ ቤት የገባችው ከሹሙ ልጅ ያረገዘችውን ፅንስ ይዛ ነው። ወተት ይጠማታል፤ ሥጋ ያምራታል፤ በቤቱ ግን ላም የለም፤ በግም ለገበያ እንጂ ለሚስት አይታረድም። ቦታውን ለያዘችው መንፈስ እንደ ልማዱ አንዲት ድንጋይ ልጣል ብትል ባሏ ይከለክላታል። ብያርቱር በመስከረም መንጋ ለማውረድ ሲሄድ ብቻዋን እንዳትሆን አንዲት ወጣት ሴት በግ ትቶላት ይሄዳል። በዚያች የዝናብና የነፋስ ሌሊት ሮዛ በፍርሃት አእምሮዋን እስክትስት ደርሳ በጓን ታርዳለች፤ ከዚያም ሥጋዋን አብስላ ትበላለች። የፍርሃቱና የረሀቡ ድንበር የት ላይ እንደ ሆነ ደራሲው አይነግረንም፤ ምናልባት ሮዛም አታውቀውም። በዘመናዊ የልብ ወለድ ጽሑፍ ውስጥ የአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ብቸኝነት ከዚህ በላይ የተገለጸበት ቦታ ማግኘት ያዳግታል።

ከዚህ የሚከተለው የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ታላቅ ጫፍ ነው። ብያርቱር የጠፋችውን በግ ፍለጋ በክረምት ወደ ምድረ በዳው ይወጣል። አንድ የዱር አጋዘን ለመያዝ ታግሎ በጀርባው ላይ እንዳለ ወንዝ ያሻግረዋል፤ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ከሞት ይተርፋል። እርሱ ከተፈጥሮ ጋር ይህን የጀግና ትግል ሲታገል ሮዛ በቤቷ ብቻዋን ወልዳ ሞታለች። ሕፃኗን ያተረፈቻት በሆዷ ሥር አቅፋ ያሞቀቻት ውሻ ናት። ላክስነስ ሁለቱን ጎን ለጎን ባላስቀመጣቸው ኖሮ የመጀመሪያው ክፍል ጥሩ የጀብዱ ታሪክ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። በጓ ግን ቀድሞ ታርዳ ተበልታለች። ጀግናው የታገለው ለሌለ ነገር ነው፤ ያለው ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ሲያልቅ አልነበረም። ይህን ለማለት ደራሲው አንድም የስብከት ቃል አላስፈለገውም።

ብያርቱር የእርሱ ያልሆነችውን ሕፃን አውስታ ሶልሊልያ ብሎ ሰይሞ እንደ ልጁ ያሳድጋታል። ሁለተኛ ሚስቱ ፊና በአጥቢያው እርዳታ ትኖር የነበረች ድኻ ስትሆን አሮጊት እናቷን ሃልቤራን ይዛ ትመጣለች። ከምትወልዳቸው ብዙ ልጆች የሚተርፉት ሦስት ወንዶች ብቻ ናቸው። ፊና በሽተኛ ናት፤ ነገር ግን አንድ ቀን ከውጭ በስጦታ አንዲት ላም ስትመጣ ቤቱ ይለወጣል። ወተት ይገኛል፤ የልጆቹ ፊት ይወዛል፤ ፊና ከአልጋዋ ተነሥታ ላሟን ወደ ግጦሽ ትነዳለች፤ ታዋራታለች። የጸደይ ወራት ዘግይቶ ድርቆሹ ሲያልቅ ብያርቱር ያሰላል። ላሟ የምትበላው ድርቆሽ በጎቹ የሚድኑበት ነው። ላሟን ያርዳል። ፊና ከዚያ በኋላ ብዙ አትቆይም። በዚህ ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ኢኮኖሚ ይጋጫሉ ማለት ይቻላል፤ አንዱ ለልጆች አፍ የሚሆነው ወተት ሲሆን ሌላው ለዕዳ መክፈያ የሚሆነው ሥጋና ሱፍ ነው። ወተቱ የሴቲቱ ነው፤ ሱፉ የወንዱ ነው። የቤቱ ሕግ ማንን እንደሚያስቀድም የላሟ መታረድ ይናገራል።

ልጆቹ ከዚህ ቤት አንድ በአንድ ይጎድላሉ። ትልቁ ልጅ ሄልጊ በክረምት ጠፍቶ ይቀራል። ትንሹ ኖኒ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ግቬንዱር ከመሬቱ ጋር ሊቀር ሲል በመጨረሻ ከወደቡ አድማ መቺ ሠራተኞች ጋር ይቀላቀላል። አውስታ ሶልሊልያ ብያርቱር ልጆቹን እንዲያስተምር ከላከው፣ በሳንባ ነቀርሳ ከሚሠቃይ አስተማሪ አርግዛ ስትገኝ አባቷ በጥፊ መትቶ ከቤት ያስወጣታል። ራሱን የቻለው ሰው በስተመጨረሻ በእርግጥም ራሱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

በረከቱ

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው መጽሐፉ የሰቆቃ ዝርዝር መስሎት ሊሸሸው ይችላል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ላክስነስ ከሃምሱን አልተሻለም ነበር፤ አንዱ ምርቃት ብቻ፣ ሌላው እርግማን ብቻ በጻፉ ነበር። የመጽሐፉ ታላቅነት የበግ አርቢ ቤት በረከትም እንዳለው ማሳየቱ ነው። ያ በረከት ከሹመኛ ንግግር የተወሰደ ሳይሆን ከኑሮው ውስጥ የተለቀመ ነው።

ለአብነት የክረምቱን ማለዳ የሚገልጸውን ምዕራፍ መውሰድ ይቻላል። ትንሹ ኖኒ ከሁሉ ቀድሞ ይነቃል። በጨለማው ውስጥ የወጥ ቤቱ ዕቃዎች፣ ድስቱ፣ ጭልፋውና ሳህኑ፣ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ይሰማል። አያቱ ተነሥታ እሳት ለመለኮስ ስትታገል፣ ጭሱ ቆጡን ሲሞላው፣ ከብዙ ጥበቃ በኋላ የቡና ሽታ ሲመጣ፣ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ዓለም ይገነባል። ልጁ ድኻ መሆኑን አያውቅም። አንባቢው ግን ያውቃል፤ ስለዚህ ደስታውና ኀዘኑ በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። ፊና ለልጆቿ የምትነግራቸው በድንጋይ ውስጥ የሚኖሩ የረቂቃን ፍጥረታት ተረት፣ የመጀመሪያው ግልገል በበረዶው መካከል ሲቆም የሚሰማው ደስታ፣ ጎረቤቶች ቡና እየጠጡ ስለ በግ ኮሶ ትል እንደ ሊቃውንት ሲከራከሩ የሚታየው ወግ፣ አውስታ ሶልሊልያ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ከአባቷ ጋር ወደ ገበያ ከተማ ስትሄድ ከተራራው ላይ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታይበት ቅጽበት፣ እነዚህ ሁሉ የዚያ ኑሮ እውነተኛ ትርፎች ናቸው። አንዳቸውም በዕዳ ሰነድ ላይ አይጻፉም።

ከሁሉ በላይ ለባለቅኔዎች ትምህርት የሚሆነው የግጥም ጉዳይ ነው። ብያርቱር ገጣሚ ነው። የሚገጥመው የአገሩ የቀድሞ ሰዎች የተዉለትን፣ ቤት መምቻው በስንኝ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን በስንኝ ውስጥም የሚደጋገምበትን አስቸጋሪ ስልት ነው። በውሽንፍሩ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥለው የተዋጋው ይህን ግጥም ጮክ ብሎ በመውረድ ነው። በአንጻሩ የሹሙ ሚስት በሞቀ ቤት ተቀምጣ ስለ ገጠር ኑሮ ውበት፣ ስለ ድኻ ገበሬ ደስታ የምትገጥም እመቤት ናት። ላክስነስ ሁለቱን ባለቅኔዎች ፊት ለፊት አቁሞ ፍርዱን ለአንባቢ ይተዋል። እመቤቲቱ ግጥሟ ለስላሳ ነው፤ በውስጡ ግን አንድም በግ የለም። የብያርቱር ስንኝ ሸካራ ነው፤ ሰውን ከሞት ለማዳን ግን በቅቷል። ይሁንና ደራሲው ለብያርቱርም አያዳላም። ይህ ሰው ሚስቱ ስትሞት፣ ልጁ ስትባረር ለስንኝ የሚሆን ስልት እንጂ ለሰው የሚሆን ቃል አያገኝም። የስልቱ ጥብቀት የልቡ መዝጊያ ሆኖ ያገለግለዋል። ቅርጽ ስሜትን እንደሚሸከም ሁሉ ከስሜት መሸሸጊያም ሊሆን እንደሚችል ማንም የግጥም ሰው ከዚህ ገጸ ባሕርይ ሊማር ይችላል።

ጦርነት፣ ብድርና ማኅበር

በ1914 ሩቅ አገር ጦርነት ይነሣል። ለአይስላንድ በግ አርቢ ይህ ሲሳይ ነበር፤ የሥጋና የሱፍ ዋጋ ወደ ሰማይ ይወጣል። ላክስነስ በዚህ ክፍል ገበሬዎቹ በቡና ዙሪያ ተቀምጠው የሚሊዮኖችን እልቂት እንደ መልካም ዝናብ ሲያመሰግኑ ያሳያል። ይህ የመረረ ቀልድ በገበሬው ላይ የተሰነዘረ ስድብ የመሰላቸው ሰዎች በጊዜው ነበሩ። ነገር ግን ቀልዱ የሚመታው ገበሬውን አይደለም፤ አንዱ እንዲጠግብ ሌላው በማያውቀው ምክንያት እንዲሞት የሚያደርገውን የዋጋ ሥርዓት ነው።

ዋጋው ሲወጣ ብድር ይገኛል፤ ብድር ሲገኝ ብያርቱር የሲሚንቶ ቤት ይሠራል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው እዚህ ላይ ይደርሳል። ቤቱ ረጅም ነው፤ ግን ይቀዘቅዛል። ዕቃ የለውም። በጎቹ ከሥር ስለሌሉ የሚያሞቀው የለም። ጦርነቱ አልፎ ዋጋ ሲወድቅ ብድሩ እንዳለ ይቆያል። ቤቱና መሬቱ በሐራጅ ይሸጣሉ።

በዚህ ክፍል ልዩ ትኩረት የሚሻው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩን የሚመራው የሹሙ ልጅ፣ የሮዛን ልጅ ያስረገዘው ኢንጎልፉር ነው። የቀድሞውን ነጋዴ ብዝበዛ ያጋልጣል፤ ገበሬው የራሱ ጌታ እንዲሆን ይሰብካል፤ ነጋዴውንም ከገበያ ያስወጣል። በመጨረሻ ግን የብያርቱርን ቤት የሚወስደው ያው በገበሬው ስም የቆመው ድርጅትና የቁጠባ ባንኩ ነው። ይህን ከመጽሐፉ ዘሎ ማለፍ ወይም «ደራሲው ለኅብረት ጠላት ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ሁለቱም ስሕተት ነው። ላክስነስ ለብቻ መታገል ከንቱ መሆኑን በብያርቱር ሕይወት አስረድቷል፤ ግቬንዱርን ወደ ሠራተኞቹ ጎራ የላከውም ራሱ ነው። ያልተቀበለው ነገር ቢኖር ኅብረት የሚለው ቃል ብቻውን ኅብረት ነው የሚለውን ሐሳብ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው? ድርቆሽ ባጠረ ዓመት ዕዳ የሚያራዝመው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ በገበሬው ስም የተጠራ ማኅበር የሹሙን ቤት በሌላ በር መግባት ነው። ማንኛውም በገጠር ሥራ የተሰማራ ሰው ይህን ምዕራፍ ቢያነበው ከብዙ መመሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል።

የሥራው ጉድለት

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት ግን አይደለም። ደራሲው አልፎ አልፎ ከገጸ ባሕርያቱ ፊት ወጥቶ ራሱ ይናገራል። ስለ ጦርነት፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ገበሬው ዕጣ የገቡት ሐተታዎች ብልሃትና ቀልድ ቢኖራቸውም የላሟ መታረድ በዝምታ የነገረንን ነገር በድምፅ ይደግሙታል። ትዕይንት የተናገረውን ሐተታ ሲደግመው ትዕይንቱ ይደክማል። የሹሙ ሚስትም ብዙ ጊዜ ተመላልሳ ስለምትቀርብ የመጀመሪያው ሹክሹክታ የነበረው ምጸት በመጨረሻ ጩኸት ይሆናል። ኢንጎልፉር ደግሞ ሥጋና ደም ያለው ሰው ከመሆን ይልቅ የአንድ ሐሳብ ተሸካሚ ሆኖ ቀርቷል፤ ሮዛን የበደለው ሰውና የፖለቲካ ሰው የሆነው ሰው በአንድ አካል ውስጥ አልተገናኙም።

ከዚህ የሚከብደው ጉድለት በፊና ላይ ያለው ነው። ብያርቱር ሐሳቡን የሚገልጽበት ግጥም አለው፤ ኖኒም ሕልም አለው። ፊና ግን ብዙ ጊዜ የምትታየው በሕመሟና በላሟ በኩል ብቻ ነው። ይህች ሴት ሕፃናትዋን ቀብራ በማግስቱ ሱፍ ስትፈትል ምን ታስብ እንደ ነበር መጽሐፉ ከሚነግረን የሚበልጥ ለማወቅ አንባቢ ይመኛል። ለሮዛ የሰጠውን አንድ ሌሊት ለፊናም ሰጥቷት ቢሆን ኖሮ የመጽሐፉ ሚዛን የበለጠ የቀና በሆነ ነበር።

ከሰማንያ ዓመት በኋላ

የላክስነስ ጥያቄ በአይስላንድ ኪነ ጥበብ ውስጥ እስከ ዛሬ ሕያው ነው። ግሪሙር ሃኮናርሶን ያዘጋጀው «አውራ በጎች» የተሰኘው ፊልም በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል «የተለየ ዕይታ» በሚባለው ዘርፍ የመጀመሪያውን ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙ ጉሚና ኪዲ ስለሚባሉ፣ በአንድ ሸለቆ ጎን ለጎን እየኖሩ አርባ ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች ነው። አስፈላጊ መልእክት ሲኖራቸው ደብዳቤ የሚያመላልስላቸው ውሻ ነው። የበጎችን አንጎል የሚያጠቃው፣ «ስክሬፒ» የሚባለው መድኃኒት የሌለው በሽታ በሸለቆው ሲገኝ መንጋው ሁሉ እንዲታረድ ይታዘዛል። ጉሚ በጎቹን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት አልሆንለት ብሎ በራሱ እጅ ይገድላል፤ ጥቂቶቹን ግን የዘራቸው ሐረግ እንዳይጠፋ በቤቱ ምድር ቤት ይደብቃል። በመጨረሻ ወንድማማቾቹን የሚያገናኛቸው ይህ ምስጢር ነው።

ይህ ፊልም ከልብ ወለዱ ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በላክስነስ ቆጥ ላይ አያት፣ እናትና ልጆች ነበሩ፤ በሃኮናርሶን ቤት ሚስት የለችም፤ ልጅ የለም። ኖኒ ወደ አሜሪካ፣ ግቬንዱር ወደ ወደቡ የሄዱበት መንገድ መጨረሻው እዚህ የደረሰ ይመስላል። የሚወረሰውም የሚያወርሰውም የበጉ ዘር ብቻ ሆኗል። ፊልሙ ስለ ዕዳና ስለ ገበያ የሚለው ጥቂት ነው፤ ከላክስነስ የሚያንሰውም በዚህ ነው። ነገር ግን ለአንድ መንጋ ዕድሜን መስጠት ከንቱ ጭካኔ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰው በግ ሲያረባ ከአባቱ የተቀበለውን ነገር በእጁ ይዞ እንደሚኖር በጥቂት ቃልና በብዙ ዝምታ አሳይቷል። ላክስነስ ወደ ኋላ ገፍቶ የተወውን የብያርቱርን ፍቅር ፊልሙ ወደ ፊት አምጥቶታል።

ማጠቃለያ

ላክስነስ ታሪኩን የሚዘጋው ያለ ድል ነው። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ብያርቱር ወደ ሃልቤራ የቀድሞ ጎጆ፣ ከበፊቱ ወደሚከፋ ምድረ በዳ ይጓዛል። ከመሄዱ በፊት ግን ያባረራትን አውስታ ሶልሊልያን ፈልጎ ያገኛታል። ደም የምታስል በሽተኛ ሆናለች። በክንዱ ታቅፎ ይወስዳታል። ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች ሁሉ ይህ ሰው በውሽንፍር ውስጥ ታቅፎ ያዳነው ነገር ቢኖር በግ ነበር፤ ሰውን ሲያቅፍ የምናየው ከብዙ መዘግየት በኋላ ነው። ደራሲው መዘግየቱን አይሰውርም፤ ማቀፉንም አያናንቅም።

ስለ ገጠር ለሚጽፉ ሁሉ የመጽሐፉ ትምህርት ከዚህ ይመነጫል። እረኛን በዋሽንቱ ብቻ የሚያውቀው ጽሑፍና እረኛን በመፈክር ብቻ የሚያውቀው ጽሑፍ ሁለቱም ከበሩ ላይ ቆመው ይመለሳሉ። ላክስነስ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ድርቆሹን ቆጥሯል፤ ወተቱ ለማን እንደሚሰጥ ጠይቋል፤ የዕዳውን ሰነድ አንብቧል፤ በጨለማ ማለዳ የነቃውን ልጅ አዳምጧል። የቤቱን መከራ የጻፈው በረከቱን ስለሚያውቅ ነው፤ በረከቱንም የጻፈው ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ሳይረሳ ነው። ራሱን የቻለ ሰው በእርግጥ ክቡር ነው። ነገር ግን ክብሩ የሚለካው በመንጋው ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ በቆጡ ላይ ያሉት ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይህ መጽሐፍ በብያርቱር ቤት አሳይቷል።